ያገለገለ ኢንላርጀር ከመግዛትዎ በፊት፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጥቁርና ነጭ ፊልማቸውን ቤታቸው ውስጥ ማጠብ ከለመዱ ቆይተዋል፤ አሁን ደግሞ ፎቶውን ራሳቸው በወረቀት ላይ ማተም ይፈልጋሉ። የሚያነሱት በአብዛኛው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ሲሆን አልፎ አልፎ በ6 በ6 ካሜራም (6 ሴንቲሜትር በ6 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ምስል በሚያነሳው) ይሠራሉ። አንድ ያገለገለ ኢንላርጀር፣ ማለትም በፊልም ላይ ያለውን ምስል አጉልቶ በወረቀት ላይ የሚያሳርፍ መሣሪያ፣ ለሽያጭ ቀርቦላቸዋል፤ ሻጩ «ይሠራል፣ አምፖሉም ይበራል» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ አልሰጣቸውም። መሣሪያው ሌንስ የለውም፣ ምሰሶውም ሲነኩት ይወዛወዛል። ለጨለማ ክፍልነት ያሰቡት መታጠቢያ ቤታቸውን ነው። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ከቀረብኝስ ምን ዓይነቱን ልፈልግ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂ፣ የሌንሱ አለመኖር ግዢውን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። የምሰሶው መወዛወዝ ከየት እንደመጣ ታውቆ የሚወሰን ነው። አምፖሉ መብራቱ ግን ስለ መሣሪያው የሚነግርዎት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሻጩን ሊጠይቁት የሚገባው ዋናው ጥያቄ «ከዕቃው ምን ጎድሏል?» የሚለው ነው።

ይህን የምለው ኢንላርጀር በባሕርይው ብዙ የሚበላሽ አካል የሌለው መሣሪያ ስለሆነ ነው። ከላይ፣ «ራስ» በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ መብራት አለ፤ ብርሃኑ በነጋቲቩ፣ ማለትም በታጠበው ፊልም፣ በኩል ያልፋል፤ ሌንሱ ምስሉን አጉልቶ ከታች በተዘረጋው ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል። የቀረው ይህን ሁሉ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ብረትና ጣውላ ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት የቆየ ኢንላርጀር ዛሬም ጥሩ ፎቶ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍና በየዕቃ ቤቱ ሲጣል ትንንሾቹ ዕቃዎች ይጠፋሉ፤ እነሱን ለየብቻ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ዋናውን መሣሪያ ከማግኘት ይከብዳል።

ከነዚህ መካከል መጀመሪያ የሚጠፋው የነጋቲቭ መያዣው ነው። ይህ ፊልሙን በሁለት ሳህኖች መካከል ጨብጦ የሚይዘው ክፍል ሲሆን ለእያንዳንዱ የፊልም መጠን የራሱ አለው። ለእርስዎ አንድ ለ35 ሚሊሜትር፣ አንድ ለ6 በ6 ያስፈልግዎታል፤ ወይም ጠርዙን በሚንሸራተቱ ቆርቆሮዎች ማጥበብና ማስፋት የሚቻልበት አንድ መያዣ ሁለቱንም ይሸፍናል። የአንዱ ሞዴል መያዣ በሌላው ውስጥ አይገባም፤ ከአንድ ፋብሪካ በወጡ ሁለት ሞዴሎች መካከል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። ሁለተኛው ሌንሱ የሚታሰርበት ሰሌዳ ነው፤ ሌንስ የሌለው ኢንላርጀር ሲቀርብ ሰሌዳው ከሌንሱ ጋር አብሮ ተነቅሎ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ። ሦስተኛው ብርሃኑን የሚሰበስቡት ወፋፍራም መስታወቶች፣ ማለትም ኮንደንሰሮቹ ናቸው። በአንዳንድ ሞዴሎች ፊልሙ ሲቀየር ኮንደንሰሩም ይቀየራል፤ በሌሎች፣ ለምሳሌ በቤስለር 23 ሲ፣ መቀየሩ ቀርቶ የኮንደንሰሩ ከፍታ ብቻ ይስተካከላል። ለ35 ሚሊሜትር የተሠራ ኮንደንሰር 6 በ6 ነጋቲቭን ሙሉ በሙሉ ስለማያበራ የፎቶው አራት ማዕዘኖች ብርሃን አንሷቸው ነጣ ብለው ይወጣሉ። በተቃራኒው ለ6 በ6 የሆነው ለ35 ሚሊሜትር ቢውል የሚደርሰው ጉዳት የብርሃን መቀነስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከቀረበልዎት ትልቁን ይምረጡ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ መጠን ያለኝን አስተያየት ላክል። 35 ሚሊሜትር ብቻ የሚያነሳ ሰው እንኳ 6 በ6 ወይም 6 በ7 የሚይዝ ኢንላርጀር ቢገዛ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ ያሉት ምሰሷቸው የወፈረ፣ ራሳቸውም የጠነከረ ነው፤ በብዛትም ይገኛሉ። እርስዎ ሁለቱንም ስለሚያነሱ በዚህ ላይ ምርጫ የለዎትም። 4 በ5 ኢንች ነጋቲቭ የሚይዙት ትልልቆቹ፣ እንደ ኦሜጋ ዲ 5 እና ዲቪር 504 ያሉት፣ ድንቅ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሆኖም ክብደታቸውና ቁመታቸው ከመታጠቢያ ቤት ጋር አይስማማም።

ወደ ብርሃኑ ስንመጣ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅምዎታል። የመጀመሪያው የኮንደንሰር ራስ ነው፤ የነጭ አምፖል ብርሃን በኮንደንሰሮቹ ተሰብስቦ በቀጥታ በነጋቲቩ ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛው ብርሃኑን በነጭ ሳጥን ውስጥ አንጸባርቆና በትኖ ከየአቅጣጫው ለነጋቲቩ የሚያደርሰው የበታኝ ራስ ነው፤ የቀለም ፎቶ ለማተም የተሠሩት ባለ ፊልተር (የብርሃኑን ቀለም የሚለውጥ ማጣሪያ ያላቸው) ራሶች በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። በጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ ላይ ያለው የብር ቅንጣት ብርሃን ስለሚበትን፣ በቀጥታ የሚመጣው የኮንደንሰር ብርሃን ጥቅጥቅ ባለው የነጋቲቩ ክፍል ላይ በብዛት ተበትኖ ይጠፋል። በዚህም የተነሳ ያው ነጋቲቭ በኮንደንሰር ሲታተም በበታኝ ራስ ከሚታተመው ይልቅ በወረቀት ደረጃ ሲለካ ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ የሚደርስ ተጨማሪ ኮንትራስት፣ ማለትም የጥቁሩና የነጩ ልዩነት፣ ያሳያል። ክስተቱ የካሊየር ውጤት ይባላል። ለእርስዎ ይህ ማለት ፊልምዎን የሚያጥቡበት ጊዜ ከሚገዙት ራስ ጋር መስማማት አለበት ማለት ነው፤ በኮንደንሰር የሚያትም ሰው ፊልሙን ለአጭር ጊዜ ቢያጥብ ያዋጣዋል። ቀጥተኛው ብርሃን በነጋቲቩ ላይ ያለውን አቧራና ጭረት ሁሉ አጉልቶ ያወጣል፤ የተበተነው ብዙውን ይሸፍናል። ቤቱ ውስጥ የሚያጥብና የሚያደርቅ ሰው አቧራን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ስለማይችል፣ ሁለቱ እኩል ሆነው ከቀረቡልኝ እኔ የበታኙን እመርጣለሁ።

የቀለም ራስ ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ የሚሸጠው ጥቁርና ነጭ ወረቀት በአብዛኛው ኮንትራስቱ በብርሃኑ ቀለም የሚለወጥ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ወረቀት የእንግሊዙ ኩባንያ ኢልፎርድ «መልቲግሬድ» በሚል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 ነበር። ወረቀቱ ለሰማያዊ ብርሃን ኮንትራስቱ ከፍ ያለ፣ ለአረንጓዴ ብርሃን ደግሞ ለስላሳ ምስል ይሰጣል። ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) ፊልተር አረንጓዴውን ስለሚያግድ ኮንትራስትን ከፍ ያደርጋል፤ ቢጫው ሰማያዊውን ስለሚያግድ ዝቅ ያደርገዋል። የቀለም ራስ ማጀንታውንና ቢጫውን በጎን ባሉት መዘውሮች በትንሽ በትንሹ ለመጨመርና ለመቀነስ ያስችልዎታል፤ የወረቀቱ አምራች በሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ ለየኢንላርጀሩ ዓይነት ስንት ቁጥር ለየትኛው ደረጃ እንደሚሆን ተጽፎ ያገኛሉ። ብዙዎቹ የቀለም ራሶች ከፍተኛውን፣ ማለትም አምስተኛውን ደረጃ፣ ሙሉ በሙሉ አይደርሱበትም፤ በሚገባ ለተነሳና ለታጠበ ነጋቲቭ ግን ያ ደረጃ ብዙም አያስፈልግም። የኮንደንሰር ራስ ቢገጥምዎት ከ00 እስከ 5 የሚደርሱ ልቅ ፊልተሮችን መግዛት ይኖርብዎታል። ራሱ የፊልተር መሳቢያ እንዳለውም ይመልከቱ፤ መሳቢያው ከነጋቲቩ በላይ ስለሆነ በፊልተሩ ላይ ያለ ጭረት ምስሉን አይነካም፤ ከሌንሱ ሥር ለሚደረገው ፊልተር ግን ንጽሕና ግዴታ ነው። ልቅ ፊልተሮች በብርሃን ብዛት ስለሚደበዝዙ ከመሣሪያው ጋር አብረው የመጡ አሮጌ ፊልተሮችን እንደ ትርፍ ዕቃ እንጂ እንደ ዋጋ አይቁጠሯቸው።

ስለ አምፖሉ ደግሞ በራሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብበው ቮልቱንና ዋቱን ይመዝግቡ፤ ያ ዓይነት አምፖል ዛሬም የሚሸጥ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። የኮንደንሰር ራሶች የሚጠቀሙት ወተት የመሰለ ልባስ ያለውን የኢንላርጀር አምፖል ነው፤ ተራው የቤት አምፖል ጫፉ ላይ የታተመው ጽሑፍ ሳይቀር በፎቶው ላይ ጥላ ሊጥል ይችላል። የቀለም ራሶች በአብዛኛው በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ ሃሎጂን አምፖል ስለሚጠቀሙ የራሳቸው ትራንስፎርመር አላቸው፤ ትራንስፎርመሩ ከጎደለ መሣሪያው ሙሉ አይደለም። ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ መሣሪያ 220 ቮልት ባለበት ቤት በቀጥታ አይሰካም፤ በመካከሉ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግባት አለበት። አንዳንድ ሰዎች የጠፋውን አምፖል በኤልኢዲ ይተካሉ። ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን የነጭ ኤልኢዲ ብርሃን የቀለም ስብጥሩ ከአሮጌው አምፖል ስለሚለይ፣ አንድ ነጋቲቭ በ0 እና በ5 ፊልተር አትመው ልዩነቱ በግልጽ መታየቱን ሳያረጋግጡ አይመኑበት።

አሁን እርስዎን ወዳሳሰበው የምሰሶ መወዛወዝ እንግባ። ነጋቲቩ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ሲጎላ በራሱ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ንቅናቄም አብሮ ይጎላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ እውነተኛ ነው። መጀመሪያ የመቆሚያ ጣውላውን በአንድ እጅዎ ጫን ብለው ይያዙና በሌላው እጅዎ ምሰሶውን ከሥሩ አካባቢ ይግፉት። ንቅናቄው ከሥሩ ከሆነ ምክንያቱ የላሉ ብሎኖች ናቸው፤ አለዚያም ጣውላው ቺፑድ ሆኖ እርጥበት አሳብጦት ብሎኖቹ መያዣ አጥተዋል። ሁለቱም በቀላሉ ይስተካከላሉ፤ ብሎኖቹን ያጠብቃሉ፣ ወይም ጣውላውን በወፍራም ኮምፔንሳቶ ይተካሉ፤ ብሎኖቹንም ከሥር በሰፊ ቀለበት ያስራሉ። ሥሩ ጠንካራ ሆኖ ራሱ በምሰሶው ላይ ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን የተሸከሙት መንኮራኩሮች ወይም የሚንሸራተቱባቸው ገጾች ተበልተዋል ማለት ነው። ማጥበቂያ ብሎን ካለው ይሞክሩት፤ ካልተስተካከለ ያንን መሣሪያ ይተዉት። ረጅም ምሰሶ ደህና ሆኖ ሳለም ጫፉ ላይ መጠነኛ መርገብገብ ያሳያል፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ የምሰሶውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር በአንድ ብረት ማሰር ይበቃል። መብራቱንም በራሱ ላይ ባለው ማብሪያ ሳይሆን በታይመር ማብራት ይገባል፤ ራሱን በእጅ ባልነኩት መጠን ምስሉ አይናወጥም።

ሌላው የራሱ መንሸራተት ነው። ፎከሱን አስተካክለው ጨርሰው ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሲመለከቱ ምስሉ ደብዝዞ ከተገኘ፣ ራሱ ወይም የፎከሱ መዘውር በክብደቱ እየወረደ ነው። በብዙ ሞዴሎች ውስጥ ይህን የሚቆጣጠር የመጭመቂያ ብሎን ስላለ ጉዳቱ ከባድ አይደለም። የፎከሱ መዘውር ሲዞር ጥርሱ ዘልሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን የተሰበረ ጥርስ አለ ማለት ነው፤ ምትክ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜዬን ሰጥቼ የምመረምረው የሦስቱን ገጾች ትይዩነት ነው፤ ነጋቲቩ፣ ሌንሱና ወረቀቱ የሚያርፍበት ጣውላ እርስ በርስ ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው። አንዱ ካዘነበለ ከፎቶው ጎኖች አንዱ የጠራ፣ ሌላው የደበዘዘ ይሆናል፤ ብዙ ጀማሪ ደግሞ ጥፋቱን በሌንሱ ላይ ያላክካል። በመግዣው ስፍራ ትንሽ ውሃ ልክ ይዘው ቢሄዱ በጣውላው ላይ፣ በነጋቲቭ መያዣው ላይና በሌንሱ ሰሌዳ ላይ በየተራ አስቀምጠው አረፋው በተመሳሳይ ቦታ መቆሙን ማየት ይችላሉ። ይህ ግምታዊ ነው። ትክክለኛው ፍተሻ የታጠበ ፊልም ጫፍ ላይ ያለውን፣ ሙሉ ለሙሉ ብርሃን አግኝቶ የጠቆረውን ቁራጭ ወስዶ በሹል መርፌ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚሻገሩ ሁለት ቀጫጭን መስመሮችን መጫር ነው። ቁራጩን በመያዣው ውስጥ ያስገቡና ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍተው በወረቀት ላይ ያሳርፉት፤ በጥቁር መደብ ላይ ጥርት ያሉ ብሩህ መስመሮች ይታያሉ። መካከሉን በፎከስ ማጉያ መነጽር አስተካክለው ወደ አራቱ ማዕዘኖች ይሂዱ። መካከሉ ጠርቶ አራቱም ማዕዘኖች እኩል ከደበዘዙ ነገሩ የሌንሱ ጠባይ ነው፤ አለዚያም ፊልሙ ተቆልምሟል። አንዱ ጎን ጠርቶ ተቃራኒው ከደበዘዘ ግን አንደኛው ገጽ አዘንብሏል። በብዙ ሞዴሎች ራሱን ወይም የሌንሱን ሰሌዳ የሚያስተካክሉ ብሎኖች ስላሉ ይህ መሣሪያውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ እንደነዚህ ያሉ ብሎኖች የሌሉት ርካሽ ሞዴል ሲሆን ብቻ ያስቡበት።

የምሰሶው ቁመት ይበቃ እንደሆነ በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። የሚፈልጉትን የማጉላት ቁጥር ይውሰዱ፣ አንድ ይደምሩበት፣ የተገኘውን በራሱ ያባዙት፣ ለማጉላት ቁጥሩ ያካፍሉት፣ በመጨረሻም በሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም በሌንሱ ላይ በተጻፈው የሚሊሜትር ቁጥር፣ ያባዙት፤ ውጤቱ ከነጋቲቩ እስከ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ርቀት ነው። 24 በ36 ሚሊሜትር ነጋቲቭን ስምንት ጊዜ አጉልተው ወደ 19 በ29 ሴንቲሜትር ፎቶ ለማድረስ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 506 ሚሊሜትር ያህል ርቀት ይበቃዎታል፤ ያንኑ በ80 ሚሊሜትር ሌንስ ለመሥራት ግን 810 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። 6 በ6 ነጋቲቭን በ80 ሌንስ አምስት ጊዜ አጉልተው 28 ሴንቲሜትር በ28 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ ለማውጣት 576 ሚሊሜትር በቂ ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ለሁለቱ ፊልሞች ሁለት ሌንስ መያዝ እንደሚሻል ግልጽ ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ 6 በ6 ነጋቲቭን እስከ ማዕዘኑ አይሸፍንም፤ 80ው 35 ሚሊሜትርን ይሸፍናል፤ ሆኖም ራሱን በጣም ከፍ ያስደርጋል።

ሌንስ ስለሌለው መሣሪያ ያን ያህል አይጨነቁ ያልኩትም ያገለገሉ የኢንላርጀር ሌንሶች በብዛት ስለሚገኙ ነው። ከዚህም በላይ ከርካሽ ኢንላርጀር ጋር ተያይዘው የሚመጡት ሌንሶች ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት መስታወት ስለሆኑ መቀየራቸው አይቀርም። ባለ ስድስት መስታወት የሆኑትን ይፈልጉ፤ ኤል ኒኮር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ የሽናይደር ኮምፖኖን ኤስ እና የሮደንሽቶክ ሮዳጎን ሦስቱም በዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ በእኔ ግምት በደህና ሁኔታ ላይ ካሉ በመካከላቸው የሚታይ ልዩነት ለቤት ፎቶ አይቆጠርም። ከእነዚህ ጋር በስም የሚቀራረቡ ሌሎች ሌንሶች ስላሉ ይጠንቀቁ፤ ኮምፖናር ከኮምፖኖን፣ ሮጎናር ከሮዳጎን ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱም በመስታወት ቁጥር ያነሱ ናቸው። አብዛኞቹ የ50 እና የ80 ሚሊሜትር ሌንሶች የሚታሰሩበት ጥርስ 39 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የሰሌዳው ቀዳዳ ይህ መሆኑን ለክተው ያረጋግጡ።

ሌንስ ሲመርጡ ከፊት አይተው አይርኩ። አፐርቸሩን፣ ማለትም መጠኑ በ«ኤፍ» ቁጥር የሚለካውን የብርሃን ማሳለፊያ ቀዳዳ፣ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ከኋላ በኩል ትንሽ የእጅ ባትሪ ያብሩበትና ከፊት በሰያፍ ይመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣቶች ቢታዩ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፤ መስታወቱን የሚሸፍን ወተታማ ጉም ካለ ኮንትራስትን ይገድላል፤ በጠርዙ አካባቢ የዘይት ጠብታ የሚመስል ቀስተ ደመና ቀለም ከታየ የተጣበቁት መስታወቶች እየተለያዩ ነው። ሦስቱም ለመተው በቂ ምክንያቶች ናቸው። ከኋላ ያለ ጭረት ከፊት ካለው ይብሳል። አፐርቸሩ በየደረጃው «ጠቅ» እያለ መቆሙን ያረጋግጡ፤ በጨለማ ውስጥ ቁጥሩን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነውና። ሲያትሙም ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ፎከስ ያደርጉና ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ዘግተው፣ ማለትም በኤፍ 5.6 ወይም በኤፍ 8፣ ይሠሩበታል፤ አብዛኞቹ ጥሩ ሌንሶች ምርጥ ሥራቸውን የሚያሳዩት እዚያ ላይ ነው።

በኤሌክትሪክ ጉዳይ መለሳለስ አይገባም። አካሉ ብረት የሆነ አሮጌ መሣሪያ በሁለት ገመድ ብቻ ወደ ሶኬት የሚገባ ከሆነ፣ መሬት የሚገባ ሦስተኛ ገመድ ባለሙያ ሳያስገባለት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይሰኩት። የገመዱን ልባስ አጥፈው ይመልከቱ፤ የሚሰነጣጠቅና የሚፈረፈር ከሆነ ከነማብሪያው ይቀየር። በጣም አሮጌ በሆኑ መሣሪያዎች አምፖል ቤት ውስጥ ሙቀት ለመከላከል የተደረገ ነጭ ጨርቅ መሰል ነገር ካዩ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይፈቅፍቁት፤ ራሱን መሣሪያ ቢተዉት ይሻላል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ኢንላርጀሩን በደረቁ ጎን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ የኬሚካል ትሪዎቹን በተቃራኒው ጎን ያድርጉ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም ወደ አካል ሲፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ይኑረው። ሥራው ሲያልቅ ኢንላርጀሩን፣ ቢያንስ ሌንሱንና ኮንደንሰሩን፣ ከእርጥበቱ አውጥተው በደረቅ ስፍራ ያኑሩ፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከእርጥበት ነው።

ስለ ስሞች ባጭሩ ልናገር። በጣሊያን ብሪክሰን የሚገኘው የዱርስት ኤም 605 እና ኤም 670፣ የጃፓኑ ኤልፒኤል 7700፣ የአሜሪካው ቤስለር 23 ሲ፣ የቼክ ሥራ የሆነው የሜዮፕታ ኦፔሙስ 6፣ ሁሉም ለእርስዎ ዓላማ የሚበቁ ናቸው፤ እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምፈልገው ኤም 605ን ወይም ኤልፒኤልን ባለ ቀለም ራስ ነው። የሌይትዝ ፎኮማት ቪ 35 በጣም የተመሰገነና ፎከሱን ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ለ35 ሚሊሜትር ብቻ የተሠራ ስለሆነ 6 በ6 ፊልምዎን አያስተናግድም። ፎከሱን ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ ሁሉ ከተሠራለት ሌንስ ጋር የሚሄድ ስለሆነ ያለ ሌንሱ ከቀረበልዎት ዋናው ጥቅሙ ጎድሏል።

የጨለማ ክፍል ዕቃ በአንድነት በጅምላ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከተናጠሉ ይሻላል፤ የወረቀት መያዣው፣ ታይመሩ፣ ትሪዎቹ፣ ቀዩ መብራትና የፎከስ ማጉያው ተደምረው ከኢንላርጀሩ የማያንስ ዋጋ አላቸው። ተከፍቶ የቆየ ወረቀትና ጠርሙስ ውስጥ የቡና ቀለም የያዘ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ግን ዋጋ የሚሰጠው አይደለም። አሮጌ ወረቀት ብርሃን ባይነካውም በዕድሜ ብዛት ይጨልማል፤ ነጩ ክፍል ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የቀይ መብራቱንም ደህንነት ይፈትኑ፦ በአዲስ ወረቀት ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጠው በቀይ መብራቱ ሥር አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉትና ያጥቡት፤ የሳንቲሙ ቦታ ነጥሎ ከታየ መብራቱ ለወረቀቱ አይሆንም።

መሣሪያውን ለማየት ሲሄዱ ውሃ ልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከተቻለ የተበደሩት ሌንስና ያን የተጫረ የፊልም ቁራጭ ይያዙ። ክፍሉን እንዲያጨልሙልዎት ጠይቀው አምፖሉን ያብሩና በራሱ ዙሪያና በወናፉ፣ ማለትም በተጣጣፊው ጥቁር ሽፋን ላይ፣ ብርሃን የሚያፈስ ቀዳዳ ይፈልጉ፤ በወናፉ እጥፋቶች ማዕዘን ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ በጥቁር ቴፕ ይደፈናል፤ ብዙ ከሆነ ግን ሽፋኑ በሙሉ መቀየር ይኖርበታል። ነጋቲቭ ሳያስገቡ ነጭ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይመልከቱ፤ መካከሉ ደምቆ አንደኛው ማዕዘን ከሌሎቹ ከጠቆረ የአምፖሉን ከፍታ አስተካክለው ደግመው ይዩት። እንደገናም ካልተስተካከለ ኮንደንሰሩ ተገልብጦ ገብቶ ወይም የተሳሳተው ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ለቀረበልዎት መሣሪያ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ የሌንስ ሰሌዳው፣ የሁለቱ ፊልሞች መያዣዎችና ለ6 በ6 የሚሆነው ኮንደንሰር ወይም የመበተኛ ሳጥን አብረውት ካሉ፣ የምሰሶውም መወዛወዝ ከሥሩ የሚመጣ ከሆነ ይግዙት፤ ሌንሱን ለብቻው ያገኛሉ። ከነዚህ አንዱ ጎድሎ በተናጠል የሚሸጥበትን ስፍራ አስቀድመው ካላገኙ ግን ሌላ ይጠብቁ። ከወሰኑም ራሱን ከምሰሶው ለመንቀል አይቸኩሉ። በብዙ ሞዴሎች የራሱን ክብደት የሚሸከም ሞላ በምሰሶው ውስጥ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ፣ ራሱ ሳይታሰር ከተነቀለ ተወርውሮ እጅ ወይም ፊት ሊመታ ይችላል። ሌንሱን፣ አምፖሉንና ኮንደንሰሮቹን አውጥተው በጨርቅ ይጠቅልሉ፤ ራሱን በሞዴሉ መመሪያ በተነገረው ከፍታ ላይ አድርገው መቆለፊያውን ያጥብቁ፤ ከዚያ በኋላ ምሰሶውንና ራሱን ሳይለያዩ ከጣውላው ብቻ ፈትተው ይጫኑት።